የደም ምርመራው የሚመልሰው የትኛውን ጥያቄ ነው?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፉጂሬቢዮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያዘጋጀው ሉሚፐልስ የተሰኘ የደም ምርመራ ለገበያ እንዲቀርብ ሲፈቅድ፣ ዜናው በብዙ ቦታ የተሰማው «የመርሳት በሽታን በደም ማወቅ ተቻለ» በሚል መንፈስ ነበር። የፈቃዱን ቃል ያነበበ ሰው ግን የሚያገኘው ከዚህ በጣም የጠበበ ነገር ነው። ምርመራው የተፈቀደው ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ የማስታወስ ወይም የማሰብ ችግር ምልክት አስቀድሞ ለታየባቸውና በዘርፉ ባለሙያ ዘንድ ለሚታዩ ሰዎች ሲሆን፣ ውጤቱም ከሌሎች የሕክምና መረጃዎች ጋር ተገናዝቦ እንጂ ብቻውን እንዲነበብ አልታሰበም። ከዚህም በላይ ምርመራው ዲሜንሺያን አይለካም። የሚጠቁመው በአንጎል ውስጥ አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን መከማቸት አለመከማቸቱን ብቻ ነው። በዜናውና በፈቃዱ መካከል ያለው ርቀት የቃላት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ የተጻፈበትን ወረቀት ለሚቀበለው ታካሚና ለቤተሰቡ ግን ትልቁ ነገር ያለው እዚያው ላይ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከስሙ መነሣት ይሻላል። ዲሜንሺያ እንደ ትኩሳት ነው፤ ብዙ በሽታዎች የሚያስከትሉት ሁኔታ መጠሪያ እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት ሁሉ ወባ እንዳልሆነ፣ ማስታወስና ማሰብ የዕለት ተዕለት ኑሮን እስከማወክ ድረስ የተዳከመበት ሰው ሁሉ አልዛይመር የያዘው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዲሜንሺያ ነበረባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆኑት አልዛይመር ድርሻ ሳይኖረው እንደማይቀር ይገመታል። በቀሩት ላይ መንስኤው የአንጎል የደም ሥሮች ጉዳት፣ ሌዊ ቦዲ የሚባለው የፕሮቲን ክምችት፣ የፊተኛውንና የጎን የአንጎል ክፍሎችን የሚያጠቃው በሽታ፣ ወይም ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ «የመርሳት በሽታ» የምንለው ቃል ዲሜንሺያንም አልዛይመርንም በአንድ ከረጢት ስለሚከት ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 ስለ አንዲት ታካሚው ለባልደረቦቹ ሲያቀርብ ያሳየው በማይክሮስኮፕ ያየውን ነበር፤ ከነርቭ ሴሎች ውጭ የረጋ ክምችትና በሴሎቹ ውስጥ የተተበተበ ክር። የመጀመሪያው ከአሚሎይድ፣ ሁለተኛው ታው ከሚባል ፕሮቲን እንደሚሠራ የታወቀው በ1980ዎቹ ነው። ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የአልዛይመር በሽታ መለያ የሆኑትን እነዚህን ሁለቱን ማረጋገጥ የሚቻለው ሰውየው ካለፈ በኋላ አንጎሉን በመመርመር ነበርና፣ በሕይወት ላለ ሰው የሚሰጠው ምርመራ በመሠረቱ የተማረ ግምት ነበር። ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ ያየውን ይናገራል፤ ታካሚው ሰዓት ይሥላል፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት የተነገሩትን ሦስት ቃላት ለማስታወስ ይሞክራል፤ ከዚያ ድምዳሜው ይጻፋል።

በ2004 ፒትስበርግ ላይ የተሠራ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ አሚሎይድን በፔት ስካን (ጨረሩን ተከትሎ የአንጎልን ምስል በሚያነሣ መሣሪያ) ማሳየት እንደሚችል ተመዘገበ፤ በ2012 ለክሊኒክ አገልግሎት የሚውል ተመሳሳይ ንጥረ ነገር በአሜሪካ ተፈቀደ። ጎን ለጎንም ከወገብ በመርፌ የሚቀዳውን የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ በመለካት ወደ ተመሳሳይ መልስ መድረስ ተቻለ። ሁለቱም አስተማማኝ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ሩቅ ናቸው። ለፔት ስካን በብዛት የሚያገለግለው ፍሎሪን 18 በ110 ደቂቃ ውስጥ ግማሽ ኃይሉን ስለሚያጣ ከተሠራበት ቦታ እስከ ታካሚው ድረስ በሩጫ መድረስ አለበት፤ የወገብ መርፌው ደግሞ፣ ምንም እንኳ ሐኪሞች ቀላል ነው ቢሉም፣ ብዙ ሰው በስሙ ብቻ የሚሸሸው ነው። ከክንድ የሚወሰድ ደም ተስፋ ያደረበት በዚህ ምክንያት ነው።

ደም ለምን ይህን ያህል ዘገየ? አንደኛው ምክንያት መጠን ነው። በአንጎልና በደም መካከል ያለው አጥር የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ተፈላጊው የታው ዓይነት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ፒኮግራም ባነሰ መጠን ነው፤ ፒኮግራም ደግሞ የአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ ነው። በዚያው ሚሊ ሊትር ውስጥ አልቡሚን የተባለው ተራ የደም ፕሮቲን በአሥር ቢሊዮኖች እጥፍ በልጦ ይዋኛል። ይህን የመሰለ ልዩነት ውስጥ ገብቶ የሚቆጥር መሣሪያ እስኪሠራ ድረስ ሥራው በሐይቅ ውስጥ የወደቀ አንድ የጤፍ ፍሬ እንደ መፈለግ ነበር። መሣሪያዎቹ የመጡት በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ሲሆን፣ ሁለተኛው እያንዳንዱን ሞለኪውል በጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ለይቶ የሚቆጥረው የፀረ እንግዳ አካል ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከአሚሎይድ ባሕርይ የመነጨ ነው። አሚሎይድ 42 የሚባለው ተለጣፊ ዓይነት በአንጎል ውስጥ ሲረጋ ወደ ፈሳሹ የሚወጣው ስለሚቀንስ፣ ከማይለጠፈው ከአሚሎይድ 40 ጋር ያለው ምጣኔ ይወርዳል። ከወገብ በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ይህ ምጣኔ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ በደም ውስጥ ግን የሚወርደው ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የደም ፕሌትሌቶችና ሌሎች የሰውነት ክፍሎችም አሚሎይድ ስለሚያመርቱ የአንጎሉ ጉድለት በእነሱ ምርት ይሸፈናል። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ሲሆን በላቦራቶሪው ሥራ ላይ የምትፈጠር ትንሽ ስሕተት ሰውየውን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ልታሻግረው ትችላለች።

በሩን የከፈተው ታው ነው። በዚህ ፕሮቲን ሰንሰለት ላይ 217ኛው ቦታ ላይ ፎስፌት ሲጣበቅበት ፒ-ታው 217 ይባላል፤ በአልዛይመር በሽታ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው መጠን በአሥራ ምናምን በመቶ ሳይሆን በእጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ፒ-ታው 217 በስሙ ታው ቢሆንም ቀድሞ የሚናገረው ስለ አሚሎይድ ነው፤ በአንጎል ውስጥ የታው ክሮች በሰፊው ከመታየታቸው በፊት፣ አሚሎይድ መከማቸት ሲጀምር ከፍ ማለት ይጀምራል። እንጀራው የሚጋገረው በአንዱ ቤት ሆኖ ጭሱ ከጎረቤት ቤት እንደሚወጣ ዓይነት ነው።

የስዊድን ተመራማሪዎች በ2024 ባሳተሙት ጥናት የማስታወስ ችግር ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ልዩ ሐኪም የመጡ 1,213 ሰዎችን መርምረዋል። የፒ-ታው 217ን ምጣኔ ከአሚሎይድ ምጣኔ ጋር ያጣመረው የደም ምርመራ አልዛይመርን ለመለየት 91 በመቶ ያህል ትክክል ሆኖ ሲገኝ፣ በተለመደው መንገድ የመረመሩት ልዩ ሐኪሞች 73 በመቶ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች ደግሞ 61 በመቶ ትክክል ነበሩ። በዜናዎች ላይ የደመቀው 91 ነው። እኔን የሚያሳስበኝ 61 ነው። ከዚህ በፊት ስንቱ ታካሚ ያልያዘውን በሽታ ስም ተሸክሞ፣ ስንቱስ የያዘው ሳይነገረው እንደቆየ የሚያሳይ ቁጥር ነውና። ስለ ደም ምርመራው ጉድለት በምንነጋገርበት ጊዜ ሁሉ ይህን የንጽጽር መነሻ መዘንጋት ፍርዱን ያዛባዋል።

ወደ ሉሚፐልስ ስንመለስ፣ ለፈቃዱ የቀረበው ማስረጃ የማሰብ ችግር ካለባቸው ሰዎች የተወሰዱ 499 የደም ናሙናዎችን የያዘ ነበር። ፖዘቲቭ ከተባሉት 91.7 በመቶው በፔት ስካን ወይም በወገብ ፈሳሽ ምርመራ አሚሎይድ እንዳለባቸው ታይቷል፤ ኔጌቲቭ ከተባሉት 97.3 በመቶው በእነዚያው ምርመራዎች ነጻ ሆነዋል። ከ20 በመቶ ያነሱት ደግሞ ከሁለቱም ወገን ሳይሆኑ በመካከል ቀርተዋል። አንዳንዶች ይህን መካከለኛ ክልል እንደ ድክመት ያዩታል፤ በእኔ ግምት የምርመራው ታማኝ ክፍል ይኸው ነው። አንድ ብቻ የመለያ ቁጥር ወስኖ ከእሱ በላይ ያለውን ሁሉ በሽተኛ፣ ከእሱ በታች ያለውን ሁሉ ጤነኛ ማለት ለንባብ ይቀላል፤ ዋጋው ግን በቁጥሩ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች በዕድል መመደብ ነው። ሁለት መለያ ቁጥር ወስኖ በመካከል ያሉትን «ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል» ማለት ለላቦራቶሪውም ለሐኪሙም የማይመች ቢሆንም እውነቱን ይናገራል።

እነዚህ መቶኛዎች ግን ከምርመራው ጋር አብረው የሚጓዙ ቋሚ ባሕርያት አይደሉም፤ ማን ተመረመረ በሚለው ይለዋወጣሉ። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ እዚሁ እንሥራው። በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 90ውን የሚይዝ፣ ከሌለባቸው 100 ሰዎችም 90ውን በትክክል ነጻ የሚል አንድ ምርመራ አለ እንበል። ይህን ምርመራ የማስታወስ ችግር በሚታይበት ልዩ ክሊኒክ ለመጡ 100 ሰዎች እናድርግ፤ ከእነሱ 60ዎቹ በእርግጥም አሚሎይድ አለባቸው ብለን እንውሰድ። ምርመራው 54ቱን ያገኛል፣ 6ቱን ይስታል፤ ከቀሩት 40 ደግሞ 4ቱን በስሕተት ፖዘቲቭ ይላል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ከተባሉት 58 ሰዎች 54ቱ፣ ማለትም 93 በመቶ ያህሉ፣ እውነተኛ ናቸው። ያንኑ ምርመራ ምንም ምልክት ከሌላቸውና አሚሎይድ ያለባቸው 10 ብቻ ከሆኑ 100 ሰዎች ዘንድ ብንወስደው፣ 9ኙን ያገኛል፤ ከ90ዎቹ ነጻ ሰዎች ግን 9ኙን በስሕተት ይከሳል። ፖዘቲቭ ከተባሉት 18 ሰዎች ግማሾቹ ምንም የለባቸውም ማለት ነው። ቱቦው፣ መሣሪያው፣ ባለሙያው አልተለወጡም፤ የተለወጠው ወረፋው ላይ የቆመው ሰው ነው። በዚህ በሁለተኛው ወረፋ ኔጌቲቭ ከተባሉት 82 ሰዎች 81ዱ በትክክል ነጻ መሆናቸውንም ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ምርመራው በሽታውን «የለም» ለማለት ያለው አቅም «አለ» ለማለት ካለው አቅም እጅግ የሚልቅበት ሁኔታ አለ።

የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር በጁላይ 2025 ያወጣው የአሠራር መመሪያ የተቃኘውም በዚህ ስሌት ነው። መመሪያው የማሰብ ችግር ላለባቸውና በልዩ ሕክምና ለሚታዩ ሰዎች፣ በሽታው ካለባቸው ቢያንስ 90 በመቶውን የሚይዝና ከሌሎቹ ቢያንስ 75 በመቶውን ነጻ የሚል ምርመራ ለማጣሪያነት ሊውል እንደሚችል ይናገራል፤ በእንዲህ ያለ ምርመራ ኔጌቲቭ የሆነ ሰው አልዛይመር የያዘው የመሆኑ ዕድል አነስተኛ ሲሆን፣ ፖዘቲቭ የሆነው ግን በፔት ስካን ወይም በወገብ ፈሳሽ መረጋገጥ አለበት። የደም ምርመራው እነዚህን ሁለቱን እንዲተካ የሚፈቀደው ሁለቱም ቁጥሮች 90 በመቶ ሲደርሱ ነው። በኦክቶበር 2025 በአሜሪካ የተፈቀደው የሮሽ ኩባንያ የፒ-ታው 181 (ፎስፌቱ በ181ኛው ቦታ ላይ የተጣበቀበት ታው) ምርመራ ለመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች የቀረበው «የለም» ለማለት እንዲያገለግል ነው፤ ይህም ከላይ ካየነው ስሌት ጋር ይገጥማል።

እስከ አሁን የተነጋገርነው ምርመራው አሚሎይድን በትክክል ያገኛል ወይ ስለሚለው ነው። የባሰው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይመጣል፦ አሚሎይድ አለ ማለት ለሰውየው መርሳት ምክንያቱ እሱ ነው ማለት ነው? በ2015 የታተመ የብዙ አገሮች መረጃ ስብስብ እንዳሳየው ማሰባቸው ጤናማ ከሆነ ሰዎች መካከል በ50 ዓመት 10 በመቶው፣ በ90 ዓመት ደግሞ 44 በመቶው በአንጎላቸው ውስጥ አሚሎይድ አለ። ብዙዎቹ የበሽታውን ምልክት ሳያዩ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ስለዚህ አንድ ፖዘቲቭ ውጤት በ58 ዓመት ሰው ላይና በ88 ዓመት ሰው ላይ የሚኖረው ክብደት አንድ አይደለም። በመጀመሪያው ላይ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ በሁለተኛው ላይ ግን ከመርሳቱ ጋር ሳይገናኝ አብሮ የተገኘ ነገር ሊሆን ይችላል።

አንድ ሁኔታ በቅርበት እንመልከት። የ80 ዓመት አዛውንት ላለፉት ስምንት ወራት ቀጠሮ ይረሳሉ፣ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ልጃቸው ወደ ሐኪም ትወስዳቸዋለች፤ ደማቸው ተመርምሮ ፖዘቲቭ ሆነ። በዚህ ቦታ ፍለጋው ቢያበቃ ምን ሊታለፍ ይችላል? አዛውንቱ ለእንቅልፍ ብለው በየምሽቱ የሚወስዱት የአለርጂ ክኒን ማስታወስን የሚያደበዝዝ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ዕጢያቸው ተዳክሞ፣ ቫይታሚን ቢ12 ጎድሏቸው፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ድባቴ ውስጥ ገብተው፣ ወይም ከሦስት ወር በፊት ወድቀው በራስ ቅላቸው ሥር ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። አሚሎይዱም በእርግጥ አለ፤ ምናልባትም ለ15 ዓመታት እዚያው ነበር። መዳን የሚችለው ነገር ግን ሌላው ነው። የደም ምርመራው አደጋ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቁጥሩ ከሐኪሙ ጥያቄ ይልቅ ክቡድ ስለሚመስል ጥያቄውን ያስቆማል። በዕድሜ በገፉ ሰዎች አንጎል ውስጥ ደግሞ አሚሎይድ፣ የደም ሥር ጉዳት፣ ሌዊ ቦዲና ሌሎች ፕሮቲኖች ተደራርበው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

በባለሙያዎች መካከል ያለውም ክርክር ከዚሁ የመነጨ ነው። በ2024 የአሜሪካው ማኅበር የሰበሰበው የባለሙያዎች ቡድን አልዛይመርን በባዮሎጂው ተረጎመው፤ ፒ-ታው 217ን የመሰለ አስተማማኝ ጠቋሚ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ምልክት ባይኖርም በሽታው አለ። ዓለም አቀፍ የሥራ ቡድን በመባል የሚታወቀው ሌላው ስብስብ በዚያው ዓመት ተቃወመ፤ ለእሱ ምልክት የሌለበት ፖዘቲቭ ሰው በአመዛኙ «አደጋ ያለበት» እንጂ በሽተኛ አይደለም። ለተመራማሪ የመጀመሪያው ትርጉም ይጠቅማል፣ በሽታውን ከሥሩ ለመከታተል ያስችለዋልና። ጧት በሥራው ላይ የዋለ፣ ማታ በኢሜይል ውጤት ደርሶት «አልዛይመር አለብህ» የተባለ ሰውን ባሰብኩ ቁጥር ግን ከሁለተኛው ጋር እቆማለሁ።

ከትርጉሙ ወጥተን ወደ ቱቦው ስንመለስ፣ ደሙን የሚያሳስቱት ነገሮች በብዛት ከአንጎል ውጭ ናቸው። የተዳከመ ኩላሊት ፒ-ታውን በሚገባ ስለማያስወግድ መጠኑ ያለ አንጎል ጥፋት ከፍ ይላል፤ በክብደታቸው ከፍ ያሉ ሰዎች ደግሞ የደማቸው መጠን ስለሚበዛ ጠቋሚው ተበርዞ ዝቅ ብሎ ይታያል። አንዱን ቁጥር ከሌላ ቁጥር ጋር በምጣኔ ማስላት የተመረጠው በከፊል ይህን ለማጥፋት ነው፤ ኩላሊት ሁለቱንም የሚያሳድግ ከሆነ ምጣኔው ብዙም አይነቃነቅምና። የአያያዙም ነገር አለ። ደሙ የደም መርጋትን በሚከለክል ቱቦ ተወስዶ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሴንትሪፊውጅ ተለይቶ፣ ፕላዝማው መቀዝቀዝ አለበት። በክፍል ሙቀት ለረጅም ሰዓት ከተቀመጠ አሚሎይዱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ አሚሎይድ ሲቀንስ ደግሞ ምጣኔው በሽታ ያለ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ፒ-ታው 217 በዚህ ረገድ የበለጠ ጽኑ ነው። ከጣት ጫፍ ተወስዶ በወረቀት ላይ በደረቀ ጠብታ መለካት ይቻል እንደሆነ የሚደረገው ጥናት ትኩረት የሳበው ለዚህ ነው፤ ቀዝቃዛ ሰንሰለት ለሌለው ቦታ ትርጉሙ ትልቅ ይሆናል።

የጥናቶቹ ተሳታፊዎች በአብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመጡና ነጮች ሲሆኑ፣ ዲሜንሺያ ካለባቸው ሰዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ግን የሚኖሩት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ነው። የመለያ ቁጥሩ የሰው ዘር ስለሚለያይ ይለያያል ብሎ መገመት አያስፈልግም፤ የኩላሊት ሕመም፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ስርጭት መለያየቱ ብቻ በቂ ምክንያት ነው። ባደጉት አገሮች ልዩ ክሊኒክ የተወሰነን ቁጥር እንደ ሕግ ቀድቶ መውሰድ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌሎች ጠቋሚዎችም አሉ። ኒውሮፊላመንት ላይት ቼይን የተባለው የነርቭ ክሮች መጎዳታቸውን ይናገራል፤ ማን እንደጎዳቸው ግን አይናገርም፤ በመልቲፕል ስክለሮሲስም፣ በራስ ላይ በደረሰ ጉዳትም ከፍ ይላል። ጂኤፍኤፒ የነርቭ ደጋፊ ሴሎችን ምላሽ ያሳያል። ሌዊ ቦዲን ወይም ቲዲፒ-43 የተባለውን ፕሮቲን ለመለየት ግን በክሊኒክ ተቀባይነት ያገኘ የደም ምርመራ የለም።

ጉዳዩ አሁን ለምን አጣዳፊ እንደሆነ ለሚጠይቅ መልሱ መድኃኒት ነው። ሌካኔማብ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል፤ ሁለቱም አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጸዱ ስለሆኑ አሚሎይድ መኖሩ ሳይረጋገጥ አይሰጡም። ሌካኔማብ በ18 ወራት ውስጥ የመድከሙን ፍጥነት በ27 በመቶ ቀንሷል እንጂ ያስቆመው ወይም የመለሰው የለም፤ በአንዳንድ ታካሚዎችም ላይ የአንጎል እብጠትና ጥቃቅን መድማት ስለሚያስከትል በተደጋጋሚ ኤምአርአይ መከታተልን ይጠይቃል። መድኃኒቱም ኤምአርአዩም በማይገኝበት ቦታ፣ የደም ምርመራው ትልቁ ጥቅም ኔጌቲቭ ሲሆን ነው፤ ሐኪሙን ወደ ታይሮይዱ፣ ወደ ክኒኑ፣ ወደ ድባቴው ይመልሰዋልና።

ምንም ምልክት የሌለው ሰው በራሱ ፈቃድ ቢመረመርስ? በአንዳንድ አገሮች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ምርመራውን የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ፤ የሙያ መመሪያዎቹ ግን አይመክሩም። ምልክት ሳይጀምር አሚሎይድን ማጽዳት ዲሜንሺያን ያዘገይ እንደሆነ የሚፈትኑ ትላልቅ ሙከራዎች ተጀምረዋል፤ ከእነዚህ አንዱ፣ ዶናኔማብን የሚፈትነው፣ ተሳታፊዎቹን የመረጠው በደም ውስጥ ያለ ፒ-ታው 217ን በመለካት ነው። ጤነኛን ሰው መመርመር ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የሚፈታው በእነዚህ ሙከራዎች ውጤት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ጤነኛው ሰው ፖዘቲቭ ሲባል ሐኪሙ በእጁ የሚሰጠው መድኃኒት የለውም።